ቀዶ ሕክምና ያደከማት ጊኒ ፒግ፦ ከምግቡ እስከ መድኃኒቱ የቱ ይሻላል?

ጊኒ ፒግ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወደ ቤት ስትመለስ የባለቤቱ ዓይን የሚያርፈው ስፌቱ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያሰጋው ግን ሆዷ ነው። የዚህች እንስሳ አንጀት ቀንና ሌሊት በድርቆሽ እየተገፋ የሚሠራ ነው። ሕመም፣ ብርድ ወይም ፍርሃት ከምግብ ካራቃት አንጀቷ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይዛባሉ፣ ጋዝ ይሞላል፤ ጋዙ ያማታል፣ ስላመማት ደግሞ አትበላም። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ከቆየች ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የመዘንናቸው በዚሁ ነው፦ ቶሎ ወደ ድርቆሿ የሚመልሳት የቱ ነው? የጻፍነውም ሰሜን ሸዋ ላለ ሰው፣ በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ሲናም ሆነ በሸዋ ሮቢት ገበያና ፋርማሲ የሚገኘውን ይዘን ነው።

መጀመሪያ ሆዷን ይዳስሱ

መብላት ያቆመች ጊኒ ፒግ ሁሉ አትጋትም። አንጀቷ ቆሞ ብቻ ነው ወይስ ተነፍታለች የሚለው አስቀድሞ መለየት አለበት፤ አንዷን የሚያድናት ሌላዋን ይገድላታልና።

አንጀቷ ብቻ የቆመ እንደሆነ ሆዷ ጣት ሲያርፍበት ይገባል። በጠጧ ያንሳል፣ ይደርቃል፤ እንደ ወትሮው ሞላላና እኩል መሆኑ ቀርቶ ጫፉ የሾለ ወይም በጸጉር የተያያዘ ይሆናል። ጀርባዋን አጉብጣ ትቀመጣለች፣ ጸጉሯ ይቆማል፣ ጥርሷን ታፋጫለች። ይህቺ መጋት አለባት፤ የሕመም ማስታገሻም ያስፈልጋታል።

የተነፋችው ግን ሆዷ በሁለቱም ጎን እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ በጣት ቸብ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ትንፋሿ አጭርና ፈጣን ይሆናል፣ ጆሮዋና እግሯ ይቀዘቅዛል፣ በጠጥ መውጣቱን ያቆማል። እሷን መጋት በተወጠረው ሆድ ላይ መጨመር ነው። ጊኒ ፒግ ማስመለስ ስለማትችል የሞላው ነገር ወደ ላይ መውጫ የለውም። እዚህ ላይ የቤት ውስጥ አማራጭ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ትሂድ። በግ ወይም ላም ስትነፋ እንደሚደረገው ዘይት መጋትም ሆነ ሆድ መብሳት አይሞከር።

በየቀኑ ያለችበትን ለማወቅ ከሁሉ የሚጠቅመው ዕቃ ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን ነው። በዓይን ግምት አይሆንም፤ ጸጉሯ ክሳቷን ይሸፍነዋል። በየጠዋቱ ከመጋቷ በፊት ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው ይመዝኗት፣ ቁጥሩን ይጻፉት። 900 ግራም የነበረች እንስሳ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሠላሳ አርባ ግራም ብትቀንስ ይጠበቃል። 90 ግራም፣ ማለትም ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ከሄደ ግን ቤት ውስጥ የሚደረገው እንክብካቤ አልበቃትም ማለት ነው።

የሚጋተው ምን ይሁን?

ለዚህ ጉዳይ ተብሎ የተሠራው ከውጭ የሚመጣው ዱቄት ነው፤ ክሪቲካል ኬር የሚባለው በዓለም ላይ በሐኪሞች ዘንድ በጣም የታወቀው ነው። ዋናው ይዘቱ የተፈጨ ድርቆሽ ሲሆን ቫይታሚን ሲ ተጨምሮበታል፣ በሲሪንጅ ያልፋል፣ መጠኑም ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ከውጭ የሚያመጣልዎት ሰው ካለ ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ያስመጡት፤ ከታመመች በኋላ የሚታዘዝ ነገር አይደርስም።

እሱ ከሌለ የሚቀርበው በቤት የተወቀጠ ድርቆሽ ነው፤ በትክክል ከተዘጋጀም ይሠራል። አረንጓዴነቱ ያለቀቀ፣ ሻጋታ የማይሸት ድርቆሽ ይምረጡ። በመቀስ ቆራርጠው በሙቀጫ ይውቀጡት ወይም በቡና መፍጫ ይፍጩት፣ ከዚያ በጥሩ ወንፊት ይንፉት። ወንፊቱ ላይ የቀረው ጭራሮ መልሶ ይወቀጣል እንጂ አይገባም፤ ሲሪንጁን የሚዘጋው እሱ ነው። ሁለት እጅ የድርቆሽ ዱቄት ከአንድ እጅ የደረቀ የአልፋልፋ ቅጠል ዱቄት ጋር ይቀላቀላል። አልፋልፋ ፕሮቲንና ጉልበት ይሰጣታል፤ የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች ዘንድ አይጠፋም። ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ለፊኛ ጠጠር ከሆነ ግን አልፋልፋውን ይተዉት፤ ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ ጠጠሩን ይመልሰዋል።

አንድ እጅ ዱቄት በሦስት እጅ ለብ ያለ ውኃ በጥብጠው አሥር ደቂቃ ያቆዩት። ድርቆሽ ውኃ ይመጥጣልና ቆይቶ ይወፍራል፤ ሳይቆይ ወደ ሲሪንጅ ከገባ ግማሽ መንገድ ላይ ይጠነክራል። ከዚያ ውኃ ጨምረው ያስተካክሉት። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ለዚያው ቀን ብቻ ይቆያል፤ ፍሪጅ ከሌለ ለእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ይበጠበጣል።

በሶ፣ አጥሚትና ወተት ግን አይሰጡ። ለደከመ ሰው የሚደረገው ይህ ነውና ርኅራኄ ያለው ሰው ሁሉ እጁ ወደዚያ መሄዱ አይገርምም። በሶና አጥሚት ጥሩ የገብስ ምግቦች ናቸው፤ ቃጫነት ያለው ሻካራ ነገር ግን የለባቸውም፣ የሞላባቸው ስታርች ነው። ስታርቹ የቆመው አንጀት ውስጥ ገብቶ ይብላላል፣ ጋዝ ይሆናል፣ አንጀቷ ብቻ ቆሞ የነበረችውን እንስሳ የተነፋች ያደርጋታል። ወተትም ለጎልማሳ ጊኒ ፒግ አይስማማም። የዶሮ መኖም አይሆንም፤ እህሉ ብዙ ነው፣ የዶሮ ተቅማጥን ለመከላከል የሚጨመሩ ለጊኒ ፒግ መርዝ የሆኑ መድኃኒቶችም ሊኖሩበት ይችላሉ። ፉርሽካ ብቻውን እንደ ድርቆሽ አንጀት አይገፋም፣ ፎስፎረሱም ይበዛል።

መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ነው። ለ900 ግራም እንስሳ 60 ሚሊ ሊትር ብንይዝ በቀን ስድስት ጊዜ አሥር አሥር ሚሊ ሊትር ይደርሳታል። ሌሊትም ቢሆን ከስድስት ሰዓት በላይ ባዶ አትሁን። በራሷ መብላት ስትጀምር በአንዴ አይቁሙ፤ ክብደቷ ሁለት ቀን ተከታትሎ ሳይቀንስ ሲቆይ አንድ አንድ ጊዜ እየቀነሱ ይሂዱ።

አጋጋቱ እንደ ምግቡ ሁሉ ወሳኝ ነው። የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አፉን በምላጭ ቆርጠው ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ያለስልሱ። በፎጣ ጠቅልለው ደረትዎ ላይ ወይም ጭንዎ ላይ በአራት እግሯ ያስቀምጧት፤ በጀርባዋ አትተኛ። ሲሪንጁ የሚገባው ከፊት ጥርሶቿ በስተኋላ ባለው ክፍተት፣ ከጎን ነው። የጊኒ ፒግ የጉሮሮ መግቢያ ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ አንዴ ብዙ ከተገፋ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል። ስለዚህ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሊትር ይግፉ፣ መንጋጋዋ ሲያላምጥ ይዩ፣ ስትውጥ ይድገሙ። በአፍንጫዋ አረንጓዴ ነገር ከወጣ ወይም ካስነጠሳት ያቁሙ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርገው ያሳርፏት። አሥሩ ሚሊ ሊትር ሃያ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ።

በሁሉም ጊዜ ፊቷ ላይ ደህና ድርቆሽ ይኑር። የጤፍ ጭድ ድርቆሽን አይተካም። ጭድ ፍሬው ከተወቃ በኋላ የቀረ አገዳ ስለሆነ ምግብነቱ ትንሽ ነው፤ የታመመች እንስሳም አትመርጠውም። በየካቲትና መጋቢት ለምለም ሣር ሲጠፋ እንኳ ትንሽ እስር ጥሩ ድርቆሽ መግዛት ከአንድ ማዳበሪያ ጭድ ይበልጣል።

ቫይታሚን ሲ፦ ከቅጠል ወይስ ከፋርማሲ?

ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲ በሰውነቷ መሥራት አትችልም። ቁስል የሚገጥመው ኮላጅን በተባለ የሰውነት ፕሮቲን ነው፣ ኮላጅን ደግሞ ያለ ቫይታሚን ሲ አይሠራም፤ ስፌቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጠርዙ አልገጥም ሲል አንዱ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ለጤነኛ በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ይበቃታል፤ ለታመመችው እስከ 50 ሚሊ ግራም ይሰጣል።

መብላት የጀመረች ከሆነ ከቅጠል ብታገኘው ይመረጣል። ከሁሉ የሚመቸው የፈረንጅ ቃሪያ ነው፤ 50 ግራም አረንጓዴው ወደ 40 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ይሰጣል፣ ቀዩ ከዚያ ይበልጣል። የሚያቃጥለው የእኛው ቃሪያ አይሰጥም፤ አፏንና ሆዷን ያሳርራል። ዘይቱን በቫይታሚን ሲ ከሁሉም ይበልጣል፣ ስኳር ስላለው ግን ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ ቁራጭ ይበቃል። ብርቱካንም እንዲሁ በትንሹ። የሐበሻ ጎመን ጥሬው መልካም ነው፤ የተቀቀለው አይደለም፣ ሙቀት ቫይታሚኑን ይፈጀዋል። አንጀቷ ገና ካልተነሳ ጎመን ለሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፣ ጥቅል ጎመን ደግሞ ጭራሽ ይቅር፤ ጋዝ ያመጣሉ። የፊኛ ጠጠር የወጣላት ቆስጣ አትብላ።

የማትበላው ግን ከፋርማሲ ያስፈልጋታል። ተራውን፣ ፊዝ የማይለውን የ500 ሚሊ ግራም የቫይታሚን ሲ ክኒን ግማሹን ይፍጩና በ5 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጥብጡ፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለ900 ግራም እንስሳ በቀን ከ0.6 እስከ 0.9 ሚሊ ሊትር፣ ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ ይጋታል። የተረፈው ይደፋል፣ በነጋታው አዲስ ይሠራል። ፊዝ የሚለው ክኒን ሶዲየም ይበዛዋል። መልቲ ቫይታሚን ደግሞ ቫይታሚን ኤ እና ዲ ስላለበት በዚህ ስሌት ከሰጡት ይመርዛታል። በመጠጥ ውኃዋ ላይ መበተኑ ከሁሉ ያነሰ ምርጫ ነው፤ ብርሃንና አየር በሰዓታት ውስጥ ያበላሹታል፣ ጣዕሙም ተለውጦባት ውኃውን ልትተወው ትችላለች።

አንቲባዮቲክ፦ እዚህ ላይ ስሕተት አይታረምም

በአካባቢያችን የእንስሳት መድኃኒት መደብር ውስጥ ቀድመው የሚገኙት ሁለቱ ፔንስትሬፕ (የፔኒሲሊንና የስትሬፕቶማይሲን ድብልቅ) እና ኦክሲቴትራሳይክሊን ናቸው። ለበግና ለከብት ብዙ ጠቅመዋል። ለጊኒ ፒግ ግን ሁለቱም አይሆኑም። ፔኒሲሊን አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርሳል፣ በቦታቸው ክሎስትሪዲየም የተባለው መርዝ አምራች ባክቴሪያ ይራባል፤ እንስሳዋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተቅማጥ ይዟት ትሞታለች። ፔንስትሬፕ ውስጥ ያለው ስትሬፕቶማይሲንም ራሱን ችሎ ይመርዛታል። በየቤቱ መደርደሪያ ላይ የማይጠፋው አሞክሳሲሊንም ከፔኒሲሊን ወገን ነው። አምፒሲሊን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲንም በዚሁ መዝገብ ውስጥ ናቸው። ቁስሉ ላይ የሚቀባ ቴትራሳይክሊን ቅባትም ስለምትልሰው ይቅር።

የሚሻሉት ሁለት ናቸው። አንዱ ትራይሜቶፕሪም ከሰልፋ ጋር የተቀመመው ነው፤ በሰው ፋርማሲ ኮትራይሞክሳዞል ተብሎ በሕፃናት ሽሮፕ መልክ ይሸጣል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 240 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በአንዱ ሚሊ ሊትር 48 ሚሊ ግራም ይይዛል። የተለመደው የጊኒ ፒግ መጠን በኪሎ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ለ900 ግራም እንስሳ ከ0.3 እስከ 0.55 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ሐኪሙ የጻፈልዎት ከዚህ በእጅጉ ከራቀ ከመስጠትዎ በፊት ደግመው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ኢንሮፍሎክሳሲን ነው። ለመግል የተሻለ ጉልበት አለው፣ አሰጣጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለከብት የሚመጣው 10 በመቶ ሲሆን አንዱ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለአንዲት ጊኒ ፒግ የሚበቃው ከዚህ ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም፤ የጣት መንሸራተት እጥፍ ያደርገዋል። ሳይቀጥን ከቆዳ ሥር ከተወጋም ሥጋውን ያቃጥለዋል፣ ቆዳው ይሞታል። ሐኪሙ በንጹሕ ሳላይን (ለመርፌ በተዘጋጀ የጨው ውኃ) አቅጥኖ እንዲወጋ፣ ወይም ለአፍ የሚሆን አድርጎ እንዲያዘጋጅልዎት ይጠይቁ። ገና በማደግ ላይ ላለች ግልገል ይህ መድኃኒት መገጣጠሚያዋን ሊጎዳ ስለሚችል ሰልፋው ይቀድማል።

ቁስሉ ንጹሕ ከሆነና ክብደቷ ካልቀነሰ አንቲባዮቲክ አለመስጠትም አንድ ምርጫ ነው። «ለማንኛውም» ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒት ደህናዋንም ሆድ ያውካል።

ማስታገሻው ግን አይዘለል። ያመማት ጊኒ ፒግ አትጮህም፤ ዝም ብላ መብላት ታቆማለች። ሜሎክሲካም ለዚህ የታወቀው መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሐኪሞች በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ያዛሉ። በሰው ፋርማሲ ያለው የ7.5 ወይም የ15 ሚሊ ግራም ክኒን ስለሆነ በግምት የሚቆረስ አይደለም፤ ፋርማሲስቱ ተፈጭቶ በልክ እንዲበጠበጥ ያግዝዎት። ውኃ ለጠማት፣ ማለትም ቆዳዋ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ቶሎ ለማይመለስ እንስሳ ሜሎክሲካም ኩላሊቷን ስለሚጎዳ በቅድሚያ ፈሳሽ ታግኝ። ዲክሎፌናክ አይተካውም። ስቴሮይድ የሆነውን ዴክሳሜታዞንን ከሜሎክሲካም ጋር መስጠት ደግሞ ጨጓራ ይልጣል፣ የቁስሉንም መግጠም ያዘገያል።

ሙቀት፦ ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት አንድ አይደሉም

ለጊኒ ፒግ የሚስማማው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ያለው ቤት ነው። ከማደንዘዣ የነቃች እንስሳ ሙቀቷን በራሷ መጠበቅ ያቅታታል፣ የቀዘቀዘ ሰውነት ደግሞ አንጀቱንም ያቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ያለ ማሞቂያ አትደር።

ከሰል የሚያነዱ ቤቶች ብዙ ናቸው። ለእሷ ግን ከምርጫ ውጭ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ጭሱ የማይታየው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውንም ይገድላል፣ ትንሿን ቀድሞ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጥሩ ሆኖ ሳለ መብራት ሲጠፋ ሌሊቱ እኩል ላይ ይከዳል። አስተማማኙ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። እጅ የሚችለውን ሙቅ ውኃ፣ 40 ዲግሪ ገደማ ሞልተው ክዳኑን አጥብቀው በፎጣ ይጠቅልሉና በሳጥኗ አንድ ጎን ብቻ ያስቀምጡ። ሌላው ጎን ቀዝቃዛ ይሁን፣ ሲሞቃት እንድትሸሽ። ውኃው በፔርሙስ ከተያዘ በየሦስት በየአራት ሰዓቱ መለወጥ አይከብድም፤ ከሌሊቱ መጋት ጋር ይገጥማል። የመንዝ ባና ካለዎት ከሳጥኑ ላይና ዙሪያውን ያልብሱት፤ ብርድ በመከላከል የሚያህለው የለም። ከሥሯ ግን አይነጠፍ፣ የሱፉ ክር በጥፍሯና በስፌቱ ይጠላለፋል።

ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ነው፤ እዚያ ጭንቀቱ ተገላቢጦሽ ነው። ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሆን ትጨነቃለች፣ ከ30 ካለፈ ልትሞት ትችላለች። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ክፍል ቀን ላይ ምድጃ ነውና ወለሉ ሲሚንቶ ወደሆነ፣ ነፋስ ወዳለው ጥላ ትወሰድ፤ በረዶ የሞላ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ጎኗ ይቀመጥ። ቆላ ላይ ዝንብም አለ። ክፍት ቁስል ላይ እንቁላል ከጣለ ብዙም ሳይቆይ ትል ይሆናልና ሳጥኑ በአጎበር ይሸፈን፣ ቁስሉና መቀመጫዋ ጠዋትና ማታ ይታይ።

የቡናው ዕጣንና ጭስም ከእሷ ክፍል ይራቅ።

ንጣፍ፣ ቁስልና የአንገት ቀለበት

በተለመደው ጊዜ ሰጋቱራ ርካሽና ምቹ ነው። ስፌት ላላት ግን አይሆንም፤ ብናኙ ቁስሉ ላይ ይለጠፋል፣ የጥድ ሰጋቱራ ሽታም ሳንባዋን ይቆጣል። ጋዜጣ ከሥር፣ ነጭ አቡጀዲ ከላይ ያንጥፉ። ነጭ መሆኑ ይጠቅማል፦ የደም ጠብታ፣ የሽንቱ ቀለምና የበጠጡ ብዛት ወዲያው ይታያል። በቀን ሁለት ጊዜ ይለወጥ። ያረጀ ነጠላ ለስላሳ ቢመስልም ሽመናው ስስ ስለሆነ ጥፍሯን ይይዛል።

ቁስል ለማጠብ ከሁሉ የሚሻለው ቀላሉ ነው፦ ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልተው አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩና ያቀዝቅዙት። መግል የያዘ ከሆነ ፖቪዶን አዮዲን ቀለሙ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በዚሁ ውኃ አቅጥነው ይጠቀሙ። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን እየገጠመ ያለውንም ሥጋ ያቃጥላሉ። ማር በሕክምና ውስጥ ቦታ አለው፤ ለዚያ የሚውለው ግን ተጣርቶና ጀርሙ ተገድሎ የተዘጋጀ ነው። ከገበያ የተገዛውን ብትልሰው ሆዷን ያውካል፣ ዝንብም ይጠራል። ፌጦ፣ ዳማከሴና ቅቤ ከክፍት ቁስል ይራቁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትንሽ እብጠት የተለመደ ነው። ከአራተኛው ቀን በኋላ የሚመጣ ጠንካራ፣ የሚሞቅና ሲነካ የሚያማት እብጠት ግን መግል ነው፤ ወንድ በተኮላሸበት ቦታ ይህ በተደጋጋሚ ይታያል። የጊኒ ፒግ መግል ወፍራም ስለሆነ በመርፌ ተስቦ አይወጣም። ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ክፍት ሆኖ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲሞላ ይተዋል። ላዩ ቀድሞ ከገጠመ መግሉ ከሥር ይመለሳልና ቅርፊቱን በጨው ውኃ እያራሱ ማንሳት የባለቤቱ የየቀን ሥራ ነው። ብሽሽቷ ላይ ሲጫኑት የሚገባ ሲለቁት የሚወጣ ለስላሳ እብጠት ካዩ መግል ላይሆን ይችላል፤ አንጀት ሊሆን ይችላልና እንዳይከፈት ለሐኪሙ ይንገሩ። ስፌቱ ተበጥሶ ከውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ከታየ ደግሞ በጨው ውኃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወዲያው ይሂዱ።

ስፌቷን እንዳታኝክ አንገቷ ላይ የሚደረገውን ቀለበት በተመለከተ ሐሳባችን ቁርጥ ያለ ነው፦ ግድ ካልሆነ አይደረግ። ለውሻ የሚሠራው ለእሷ ድርቆሿን ይከለክላታል፤ በተጨማሪም ጊኒ ፒግ ለስላሳውን በጠጥ ከመቀመጫዋ ወስዳ መልሳ ትበላለች፣ ቢ ቫይታሚኗንም የምታገኘው ከዚያ ነው። ስፌቷን የምታኝክ ከሆነ ጣቱ የተቆረጠ የጥጥ ካልሲ አራት የእግር ቀዳዳ አውጥተው ያልብሷት። ሽንቷ የሚነካው እንዳይሆን ከኋላ ያሳጥሩት፣ በእርጥብና በክፍት ቁስል ላይ አይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀድሞ ነው፦ ስፌቱ ከቆዳ ሥር የተቀበረና ራሱ የሚሟሟ ክር እንዲሆን ሐኪሙን ከመነሻው መጠየቅ። በሕመም ምክንያት የምታኝክም አለች፤ ማስታገሻው ሲስተካከል የምትተወው ከሆነ ካልሲውም አያስፈልግም።

ወረዳ ክሊኒክ ወይስ አዲስ አበባ?

የወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች ዋና ሥራቸው ከብት፣ በግና የጋማ ከብት ነው። ይህ ማለት አይረዱም ማለት አይደለም። ከቆዳ ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ መግል ማጠብ፣ የሚወጋ ማስታገሻ፣ የተበጠሰ ስፌት መሸፈን እዚያው ይሆናል፤ ቅርበቱም ለቀዘቀዘችና ለደረቀች እንስሳ ሕይወት ነው። ሲሄዱ ክብደቷን በግራም፣ መጨረሻ የበላችበትን ሰዓትና የማይሰጧትን አንቲባዮቲኮች በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ሐኪሙ በአክብሮት የቀረበለትን መረጃ ይቀበላል። ዳግም ማደንዘዣ የምትወስድ ከሆነም እንደ ውሻና እንደ ሰው ሌሊቱን ሳትበላ እንዳታድር ይንገሩ፤ ስለማታስመልስ ረጅም ጾም ሆዷን ከማቆም ሌላ ጥቅም የለውም።

ሆድ እንደገና መክፈት ካስፈለገ፣ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ከተፈለገ፣ ወይም የጋዝ ማደንዘዣ የግድ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ፣ ወይም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወዳለበት ወደ ቢሾፍቱ መሄድ ይሻላል። አስቀድመው ደውለው ትንንሽ እንስሳትን እንደሚቀበሉ ያረጋግጡ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተነፋች እንስሳ ይህን መንገድ ሳትረጋጋ አትችለውም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቅርብ ያለው ሐኪም ይያት። ከሸዋ ሮቢት የሚነሳ ሰው ደግሞ ከቆላው ሙቀት ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ብርድ ይወጣል፤ ሳጥኑ ሲነሳ ክፍት፣ ደብረ ሲና ላይ ሲደርስ የተሸፈነ ይሁን። በሚኒባሱ ውስጥ ጭን ላይ እንጂ ጣሪያ ላይ ወይም ሞተር አጠገብ አትቀመጥ። ድርቆሽና አንድ ቁራጭ ኪያር ሳጥኗ ውስጥ ይኑር፤ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን ከሆነ ፈስሶ ያርሳታል።

ብቻዋን ወይስ ከጓደኛዋ ጋር?

ጊኒ ፒግ በመንጋ የምትኖር እንስሳ ናት፤ ብቻዋን ስትሆን የምትፈራና ምግብ የምትተው ብዙ ናት። ጓደኛዋ ቁስሏን ካልነካባትና ካልተጣሉ አብረው ይቆዩ። አብሮ መሆኑ ግን በጠጡ የማን እንደሆነ ያሳጣል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት አንዱን ሳጥን መሐሉ ላይ በወንፊት ሽቦ መክፈል መካከለኛው መንገድ ነው። ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ ድርቆሹም ከሽቦው ግራና ቀኝ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ አንዷ ስትበላ ሌላዋም ትጀምራለች። ቀዶ ሕክምናው ወንድ ማኮላሸት ከሆነ ግን ቁስሉ ቢድንም ከሴት ጋር አይቀላቀል። በቱቦው ውስጥ የቀረው ዘር እስከ ስድስት ሳምንት ሊያስረግዝ ይችላልና ሽቦው እስከዚያ ድረስ አይነሳ።